ከዋርድ ሳይወጡ ዶክትሬት፦ የነርሶች ከፍተኛ ትምህርት ከምዕራብ ጎጃም ሲታይ

በሥራ ላይ ያለ ነርስ የሚያገለግላቸውን ሕሙማን ሳይለይ የትምህርት ደረጃውን እንዴት ከፍ ሊያደርግ ይችላል የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ የጤና አስተዳደር ውስጥ በየዘመኑ መልኩን እየለወጠ ሲነሣ የኖረ ነው። ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ከዩኒቨርሲቲ ከተሞች ራቅ ባሉ ቦታዎች ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በተመዘገበበት በምዕራብ ጎጃም ዞን፣ በፍኖተ ሰላም ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በቡሬ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በጃቢ ጠህናን፣ በወንበርማ፣ በቋሪትና በደጋ ዳሞት ገጠሮች ባሉ ጤና ጣቢያዎች አንድ ነርስ ለትምህርት በሄደ ቁጥር የተረኞች ዝርዝር ይሳሳል፤ ባይሄድ ደግሞ ዕውቀቱ በተመረቀበት ዓመት ላይ ቆሞ ይቀራል። የዚህ ጥያቄ የቅርብ ጊዜ መልክ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች በኦንላይን የሚሰጠው የነርሲንግ ተግባር ዶክትሬት ነው።

የነርሲንግ ተግባር ዶክትሬት፣ በምኅጻር ዲኤንፒ የሚባለው፣ በአሜሪካ የተጀመረ ማዕርግ ሲሆን የመጀመሪያው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2001 በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር ሕመምተኛ መርምረው መድኃኒት እስከማዘዝ የሚደርስ ኃላፊነት ያላቸው ነርሶች ሁሉ እስከ 2015 ድረስ በዚህ ማዕርግ እንዲሠለጥኑ የሚጠይቅ አቋም አወጣ። ዓመቱ ደርሶ አለፈ፤ ግቡ ግን አልተሳካም፤ ዛሬም በዚያው አገር በማስተርስ ዲግሪ ነርስ ፕራክቲሽነር መሆን ይቻላል፤ በዶክትሬት ደረጃ ብቻ እንዲጀመር የተወሰነው እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የሚገቡ የሰመመን ሰጪ ነርሶች ሥልጠና ነው። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው ማዕርጉ በተወለደበት አገር እንኳ አከራካሪነቱ እንዳላበቃ ስለሚያሳይ ነው።

ዲኤንፒ ከፒኤችዲ የሚለየው በዓላማው ነው። የፒኤችዲ ተማሪ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ነገር ፈልጎ ለማግኘት የምርምር ዘዴ ይማራል፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጥናቱን ያቀርባል፤ የዲኤንፒ ተማሪ ግን በምርምር የተረጋገጠው ነገር በአንድ ዋርድ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ወይም በአንድ ወረዳ ለምን በሥራ ላይ እንዳልዋለ መርምሮ እንዲውል ማድረግን ይማራል፣ የሚመረቅበትም ሥራ እንዲህ ያለ የለውጥ ፕሮጀክት ነው። ልዩነቱ በጎጃም ምድር በሚገባ የሚታይበት ጉዳይ የእግር እብጠት ወይም ዝሆኔ ነው። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የዝሆኔ ዓይነት በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለረጅም ዘመን በሚሄዱ ገበሬዎች ላይ የሚደርስ ሲሆን፣ በምሥራቅ ጎጃም ዞን በአነደድ ወረዳ በ696 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ሕሙማኑን አልጋ ላይ የሚጥለውን ድንገተኛ የእግር መመርቀዝ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይህን ማረጋገጥ የተመራማሪ ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሳሙናውና ቅባቱ ከየት ይመጣል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየስንት ጊዜ ትጎበኛለች፣ ጫማ ገዝቶ ለበዓል ብቻ የሚያደርገው ገበሬ እንዴት በእርሻ ላይ ይጫማል፣ የጤና ጣቢያው ነርስ መሻሻሉን በምን መዝገብ ይከታተላል የሚሉት ጥያቄዎች የሚመለሱት አካባቢውን በሚያውቅና ዘዴውን በተማረ ባለሙያ ነው። በዚህ ረገድ ከታየ፣ የተግባር ዶክትሬት የተባለው ትምህርት ከትልልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ይልቅ ለምዕራብ ጎጃም ገጠር የቀረበ ነው ለማለት ይቻላል።

በኦንላይን የሚለው ቃል በማስታወቂያዎች ላይ ከሚሰጠው ስሜት የተለየ ይዘት አለው። በኢንተርኔት የሚሰጠው የንድፈ ሐሳብ ክፍል፣ ማለትም የኤፒዲሚዮሎጂ፣ የጤና ፖሊሲ፣ የስታቲስቲክስና የአመራር ትምህርት ነው። ከዚህ ጎን ተማሪው ከመጀመሪያ ዲግሪው በኋላ ቢያንስ 1,000 ሰዓት የሚደርስ ክትትል ያለው የተግባር ልምምድ ማጠናቀቅ ይጠበቅበታል፤ ልምምዱም የሚከናወነው በሚኖርበት አካባቢ ባለ ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ፣ ፕሪሴፕተር በሚባል፣ ተማሪውን በሥራ ላይ እየተከታተለ በሚያርምና ሰዓቱን በሚፈርም ነባር ባለሙያ ሥር ነው። አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ለጥቂት ቀናት ተማሪዎቻቸውን ወደ ግቢ ይጠራሉ። አብዛኞቹ አመልካቹ በአሜሪካ የጸና የነርስነት ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃሉ፤ ፕሮግራሙም ተማሪው በሚኖርበት ስቴት ጭምር የተፈቀደ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትኖርና በዚያው ፈቃድ ያላት ኢትዮጵያዊት ነርስ ይህን ትምህርት ሥራዋን ሳትለቅ ልትማረው ስትችል፣ የቡሬ ነርስ ግን ኮምፒዩተርም ኢንተርኔትም ቢሟላለት ከመግቢያው በር ላይ ይመለሳል።

ኢትዮጵያውያን ነርሶች ትምህርት ፍለጋ አገር መልቀቃቸው ከሙያው ጋር አብሮ የተጀመረ ነገር ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ዛሬ ከቡሬ ተነሥቶ ዓባይን የሚሻገረው መንገድ በሚያደርስባት በነቀምት በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። መደበኛው የነርሶች ሥልጠና በአገር ውስጥ የተጀመረው በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሲሆን፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክን ዋና ሥራው አደረገ። የጎንደር አካሄድ ተማሪውን በጤና ጣቢያ ውስጥ እያሠራ የሚያስተምር ስለነበር፣ በዛሬው የተግባር ዶክትሬት ውስጥ አዲስ መስሎ የሚቀርበው ሐሳብ በኢትዮጵያ ምድር ዱሮ የተሞከረ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተዘረጋው መሰላል ከድሬሰር ወደ ዲፕሎማ ነርስ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ ማስተርስ የሚወጣ ነው። መሰላሉን ለመውጣት አንድ ነርስ በጤና ቢሮ ኮታ ተወዳድሮ፣ የአገልግሎት ግዴታ ፈርሞ፣ ለዓመታት ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ መሄድ አለበት፤ ተራው የማይደርሰው ብዙ ነው። በርቀት መማር መፍትሔ ሊሆን ይችል ነበር፤ ነገር ግን በርቀት ትምህርት ላይ ያለው ጥርጣሬ በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን ለጊዜው እስከማገድ አድርሶት የነበረ ሲሆን፣ እገዳው ከላላም በኋላ የጤና ሙያዎች ለርቀት ትምህርት ፈቃድ ከሚሰጥባቸው መስኮች ውጭ ሆነው ቆይተዋል። የጥርጣሬው ምክንያት ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም፤ በወረቀት ብቻ ተምሮ መርፌ የሚወጋ ሰው ለሕዝብ አደጋ ነው።

ሆኖም ክልከላው ከሁለት በኩል ተሸርሽሯል። አንደኛው ከታች ነው፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀምሮ ከ30,000 በላይ ሴቶችን በየቀበሌው ካሠማራ በኋላ፣ እነዚህን ሠራተኞች ወደ ዲፕሎማ ደረጃ ለማሳደግ ሁሉንም ወደ ኮሌጅ መጥራት ጤና ኬላዎቹን መዝጋት ይሆን ነበር። በመሆኑም ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአፍሪካው የጤና ድርጅት ከአምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር በ2003 ዓ.ም. ገደማ 13 ሞጁሎች ተዘጋጅተው፣ ንድፈ ሐሳቡ በየጤና ኬላው የሚጠና፣ ተግባሩ ግን በአሠልጣኝ ፊት የሚፈጸም ቅይጥ ትምህርት ተጀመረ። ከዚህ ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ አምሬፍ በኬንያ ወደ 22,000 የሚጠጉ ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ነርሶችን በኮምፒዩተር እያስተማረ ወደ ዲፕሎማ ለማሳደግ የተነሣበት ፕሮግራም ለዚህ ዓይነቱ አሠራር በአካባቢው ምሳሌ ሆኖ ነበር። ሁለተኛው መሸርሸር ከላይ ነው፤ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ፣ በርቀት በማስተማር በዓለም ከታወቁት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ፣ ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባ አቃቂ ባቋቋመው ማዕከል አማካይነት ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎችን በጤና ጥናት እስከ ዶክትሬት ሲያስተምር ኖሯል። ከአገር ሳይወጡ የውጭ ዶክትሬት ማግኘት እንግዲህ በኢትዮጵያ ልማድ ከሆነ ሰንብቷል ማለት ነው። ልዩነቱ የዩኒሳው ማዕርግ የምርምር መሆኑ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ዶክትሬት የያዘ ነርስ የሚጠብቀው የሥራ መደብ በመምህርነት ወይም በቢሮ ይገኛል፣ በዋርድ ውስጥ ግን የለም።

ዋናው እንቅፋትም እዚህ ላይ ነው። ስለ ጉዳዩ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ኢንተርኔት ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኦንላይን እንዲቀጥል መደረጉ መንገዱ እንደሚቻል ቢያሳይም፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ በተነሣው ግጭት ሳቢያ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱ በዚህ መንገድ ብቻ መታመን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሳይቷል። የውጭ ምንዛሪም አለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል የትምህርት ክፍያ ከመንግሥት ደመወዝተኛ አቅም ፈጽሞ ርቋል። እነዚህ ሁለቱ ግን በጊዜና በገንዘብ ሊቃለሉ የሚችሉ ናቸው። ማዕርጉን ይዞ የመጣ ነርስ በየትኛው የሥራ መደብ ይቀመጣል፣ ምን እንዲያክምና ምን እንዲያዝ ይፈቀድለታል፣ ደመወዙስ በየትኛው እርከን ይታሰባል ለሚለው ግን የነርሶች የሥራ እድገት መሰላል ቦታ አላዘጋጀም፤ የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ወረቀቱን ቢቀበለው እንኳ ወረቀቱ የሥራ ክልል አይፈጥርም።

የሥራ ክልል በሕግ ሊፈጠር እንደሚችል ግን ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማህፀን ሕክምና ማስተርስ ጤና መኮንኖችን ሦስት ዓመት በተግባር አሠልጥኖ በቀዶ ጥገና ማዋለድ እንዲችሉ ያደረገ ሲሆን፣ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግሉ ለታሰቡት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የታለመ ነበር። ማዕርጉ የተቀረጸው ከሥራው በመነሣት ነው፤ መጀመሪያ በገጠር በወሊድ የሚሞቱ እናቶች ታዩ፣ ቀጥሎ የሥራ መደቡ ተወሰነ፣ ትምህርቱ በመጨረሻ መጣ። የኦንላይን ዶክትሬት ነገር በተቃራኒው ከማዕርጉ ይጀምራል፤ ለዚህም ነው በምዕራብ ጎጃም መልስ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ ተቀባይ ያጣው።

አንድ ሺህ የልምምድ ሰዓት በቀን 8 ሰዓት ቢታሰብ 125 የሥራ ቀን ነው። የፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ነርስ ይህን ያህል ሰዓት በመደበኛ ሥራው በግማሽ ዓመት ያህል ይጨርሰዋል፤ በትምህርት ሰዓትነት የማይቆጠርለት አጠገቡ ቆሞ የሚያርመው፣ ያረመውንም መዝግቦ የሚፈርም ባለሙያ ለዚህ ሥራ ስላልተመደበ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬ ካምፓስ አለው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በጥበበ ግዮን ሆስፒታሉ የነርሲንግ መምህራንን አሰባስቧል፤ ሁለቱም ከፍኖተ ሰላም በመኪና በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለሱበት ርቀት ላይ ናቸው። የንድፈ ሐሳቡን ትምህርት ከየትም ማምጣት ይቻላል፤ በየሳምንቱ ከእነዚህ ተቋማት ወደ ዋርዱ መጥቶ ተማሪውን ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚጠይቀውን መምህር አበልና የሥራ ጊዜ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ግን ከጤና ቢሮውና ከዩኒቨርሲቲዎቹ ውጭ ሌላ ሊመልሰው አይችልም።