የኢያሪኮ ዳገትና አሮጌ መኪና፦ የኤሌክትሪክ ፋን መቼ ይረዳል?

ከዮርዳኖስ ወደ ኢየሩሳሌም የሚመለስ አሮጌ መኪና ፈተናው ከባድ ነው። ምእመናን ለጥምቀት የሚወርዱበት ቃስር ኤል ያሁድ ከባሕር ወለል በታች 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ኢየሩሳሌም ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። መኪናው ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ከ1,100 ሜትር በላይ ይወጣል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወርደው ወደ ደጀን የወጡ አባቶች ነገሩን ያውቁታል፤ መኪናው መንገድ ዳር ይቆማል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ውሃ የያዘ ጀሪካን ይፈለጋል።

በድሮ መኪኖች ላይ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲዘገይ ይዘገያል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። መኪናው በጠባቡ የኢትዮጵያ መንገድ ወይም በሃነቪኢም መጨናነቅ ውስጥ ሲንፏቀቅ ነፋስ በጣም ያስፈልገዋል፤ ፋኑ ግን በዚያው ሰዓት ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። የኤሌክትሪክ ፋን የሞተሩን ፍጥነት አይጠብቅም። ውሃው ሲሞቅ ይነሣል፣ ሲቀዘቅዝ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣችው ፊያት 128 ሞተሯ በአግድም ስለተቀመጠ ከፋብሪካ በኤሌክትሪክ ፋን ነው የመጣችው። በፊያት 124 አምሳል የተሠራችውና በአዲስ አበባ ታክሲነት የምትታወቀው የመጀመሪያዋ ላዳ ግን በቺንጋ የሚዞር ፋን ነበራት።

ይሁንና ፋን ለሁሉም በሽታ መድኃኒት አይደለም። መኪናው የሚግለው ቆሞ ወይም በመጨናነቅ ውስጥ ከሆነ ፋኑ ሊረዳው ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ የሚግል ከሆነ ግን በዚያ ፍጥነት ነፋሱ ከፊት ራሱ ስለሚገባ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይከፈት ተርሞስታት፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ ወይም የተቃጠለ የቴስታታ ጋስኬት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያዩ ፋን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሥራው ሲጀመር መካኒኩ ራዲያተሩን ይለካል፤ በራዲያተሩና በውሃ ፓምፑ መካከል ያለውን ክፍተትም ያያል። ቦታ ካለ ፋኑ ከራዲያተሩ ጀርባ፣ በሞተሩ በኩል ሆኖ አየሩን ቢስብ ይመረጣል። ዙሪያውን የሚሸፍን ክፈፍ ካለው ነፋሱ በራዲያተሩ ሙሉ ገጽ ያልፋል። አንዳንዶች ፋኑን በፕላስቲክ ማሰሪያ በራዲያተሩ ቅጠሎች መካከል አሳልፈው ያስሩታል። ይህ መጥፎ ልማድ ነው፤ በንዝረቱ ቱቦው ተፍቆ ይበሳል። በብረት መያዣ ከመኪናው አካል ጋር ማሰር ይሻላል። የድሮው ፋን ሲወጣም ክንፎቹ ብቻ ይነሣሉ። ቺንጋው የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውን የሚያዞር ከሆነ መቅረት የለበትም።

የኤሌክትሪኩ ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መካከለኛ ፋን ከ10 እስከ 20 አምፔር ይወስዳል፤ ሲነሣ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ይስባል። ስለዚህ በቀጭን ሽቦ በቀጥታ ከቁልፉ ጋር አይያያዝም። ሪሌ፣ ወፍራም ሽቦና ከባትሪው አጠገብ የሚቀመጥ ፊውዝ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ሽቦው ቀልጦ እሳት ሊነሣ ይችላል። የመኪናው ዲናሞም አቅሙ መታየት አለበት። የላዳ ዲናሞ 42 አምፔር ነው፤ ከዚያ ቀደም ያሉ አንዳንድ መኪኖች ግን 22 አምፔር ብቻ ነው የሚሰጡት። በእነዚህ ላይ በሌሊት መብራትና ፋን አብረው ሲሠሩ ባትሪው ይደክማል።

ከተገጠመ በኋላ ቀላል ፈተና አለ። ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ሲጠጋ ወደ ራዲያተሩ ተስቦ መለጠፍ አለበት። ከገፋው ፋኑ በተቃራኒው እየዞረ ነው። ለቴስት ከመቅረብ በፊትም ለውጡን ለጋራዡ ማሳየት ይበጃል። የድሮዋ ፎልክስዋገን ባለቤት ግን ይህን ሐሳብ ይተወው፤ ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተርም የላት፣ ፋኗም መነካት የለበትም።

ከሁሉ በላይ ግን እጅና ዓይን ይጠበቅ። የተዘጋ ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ላይፈላ ይችላል፤ ክዳኑ ሲከፈት ነው በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ የሚረጨው። የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ሲጠጋ መኪናውን ዳር አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት፣ ክዳኑንም ሳይነኩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይገባል። የኤሌክትሪክ ፋን ደግሞ እንደ አገጣጠሙ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላም በድንገት ሊነሣ ይችላልና፣ ቆሟል ብሎ እጅ መስደድ አይገባም።

ወደ ዴር ሡልጣን ለመሳለም የመጣ ሰው መኪናውን ከአሮጌው ከተማ በር ውጭ ትቶ በእግሩ ነው የሚገባው። ተሳልሞ እስኪመለስ ሞተሩም ይበርዳል፤ ውሃውን ማየት የሚሻለውም ያኔ ነው።