ስለ ሐኪም ቤት የካርድ ክፍል ጸሐፊ የሥራ አጀማመር

በሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ሥራ የሚጀምር ሰው ተግባሩ መጻፍና መደርደር ብቻ ይመስለው ይሆናል፤ ዋናው ሥራ ግን አንዱን በሽተኛ ከሌላው ለይቶ ማወቅ ነው። ይኸውም በአገራችን በሁለት ምክንያት ይከብዳል። አንደኛ፥ የቤተ ሰብ መጠሪያ ስም ስለሌለን፥ የአባትና የአያት ስም ካልተጨመረ ብዙ ሰዎች በአንድ ስም ይገኛሉ። ሁለተኛ፥ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ስላሉ፥ ያው ሰው ዛሬ «ኃይሉ»፥ ነገ «ሀይሉ» ተብሎ ይጻፋል።

ስለዚህ ካርዱ የሚደረደረው በቁጥር ነው፤ ስም፥ ዕድሜና አድራሻ ቁጥሩን ለመፈለግ ያገለግላሉ። ካርድ ከመደርደሪያው ሲወጣም፥ የሄደበትን ክፍል የሚያመለክት ወረቀት በቦታው ይተካል። ቁጥር 23614 በ23641 አጠገብ ቢገባ ግን እንደ ጠፋ ይቈጠራል። በዚያ ካርድ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ተጽፎ እንደ ሆነ፥ ሐኪሙ ሳያየው ያንኑ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል፤ ይህም ነፍስ እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ኮምፒዩተርም ቢሆን፥ ተለይቶ ካልተዘጋጀ በቀር፥ «ኃ»ንና «ሀ»ን እንደ ልዩ ልዩ ፊደል ይቈጥራል። እንግዲህ አዲስ ጸሐፊ ከፍጥነት አስቀድሞ ሊለምድ የሚገባው ነገር «ከዚህ በፊት ካርድ አውጥተዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅና የጻፈውን ስም ለባለቤቱ መልሶ ማንበብ ነው።