ከማውጫው ወደ ሄርማታ

በድረ ገጽ ላይ የሚወጣ ረጅም ጽሑፍ እንደ መጽሐፍ የገጽ ቁጥር ስለሌለው፣ አንባቢን ወደሚፈልገው ክፍል በቀጥታ የሚያደርሰው በዚያው ገጽ ውስጥ የሚዘረጋ ሊንክ ነው። ስለ ጅማ የሚያወሳ አንድ ጽሑፍ ከጅማ መንግሥት ምሥረታ ተነሥቶ፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ በጅሬን ቤተ መንግሥትና በሄርማታ የሐሙስ ገበያ በኩል አልፎ እስከ ጎማና ሊሙ ቡና ድረስ ቢዘልቅ፣ የገበያውን ታሪክ ብቻ የፈለገ ሰው በስልኩ ስክሪን ላይ ጣቱን ሲጎትት እንዲውል መፍረድ አይገባም።

አሠራሩ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው መለያ ሲሆን፣ ይኸውም ድረ ገጽ በሚጻፍበት በኤችቲኤምኤል ኮድ ውስጥ ለንዑስ ርዕሱ «አይዲ» ተብሎ የሚሰጠው ስም ነው። ሁለተኛው በገጹ አናት ባለው ማውጫ ውስጥ የሚቀመጠው ሊንክ ሲሆን፣ አድራሻው በ# ምልክት ጀምሮ መለያውን ያስከትላል። የገበያው ንዑስ ርዕስ «ሄርማታ» የሚል መለያ ካለው፣ ሊንኩ «#ሄርማታ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሲነካም ብራውዘሩ ያንኑ ገጽ አንሸራቶ ርዕሱን ከስክሪኑ አናት ላይ ያቆመዋል። ጽሑፉ አስቀድሞ ወደ ስልኩ ስለወረደ ለዝላዩ አዲስ ዳታ አያስፈልግም፤ አንባቢው ከጅማ ወደ አጋሮ ሲጓዝ ኔትወርክ ቢቋረጥበት እንኳ ሊንኩ ይሠራል። የ# ምልክት ብቻውን ሲጻፍ ደግሞ ወደ ገጹ መጀመሪያ ይመልሳል።

በአማርኛ ገጽ ላይ ትልቁ ፈተና ያለው ፊደሉ ዘንድ ነው። ብራውዘር ሊንኩንና መለያውን የሚያስተያየው ፊደል በፊደል ስለሆነ፣ «ሄ» እና «ሔ» ወይም «ሥ» እና «ስ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለእርሱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። መለያውን «ሄርማታ» ብሎ የጻፈው አንድ ሰው፣ ማውጫውን «ሔርማታ» ብሎ ያዘጋጀው ሌላ ሰው እንደሆነ ሊንኩ ይከሽፋል። ይባስ ብሎ ስሕተቱ ራሱን አያሳውቅም፤ ሊንኩ እንደ ደህናው ተሰምሮበት ይታያል፣ ሲነካ ግን ገጹ ካለበት ንቅንቅ አይልም። በመለያ ውስጥ ክፍት ቦታ ስለማይፈቀድም፣ «ቤተ መንግሥት»ን የመሰለ ስም በአንደርስኮር መያያዝ አለበት።

ሊንኩ ሲነካ መለያው በገጹ አድራሻ ጫፍ ላይ ስለሚጨመር፣ አድራሻውን ኮፒ አድርጎ ወዳጅን በቴሌግራም ልክ ወደ ገበያው ክፍል መላክ ይቻላል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባ ቢሆንም፣ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ አድራሻ ኮፒ ሲደረግ ደግሞ አንዱ ባይት ብዙ ጊዜ በ% የሚጀምር የሦስት ምልክት ኮድ ሆኖ ስለሚወጣ፣ አራት ፊደል ብቻ ያለው «ሄርማታ» ወደ 36 ምልክት ይረዝማል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤችቲኤምኤል 4 መለያ በላቲን ፊደል እንዲጀምር ያስገድድ ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ግን ይህን ግዴታ አንሥቶታል። ቢፈቀድም፣ አንባቢ የሚያየው ርዕሱን እንጂ መለያውን ስላልሆነ፣ ርዕሱን በአማርኛ፣ መለያውን በአጭር የላቲን ቃል መጻፉ ይመረጣል።

ጎማም ሊሙም «ቡና» የሚል ንዑስ ርዕስ ቢኖራቸውና አንድ ዓይነት መለያ ቢሰጣቸው፣ ብራውዘሩ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ መጀመሪያው ነው፤ ስለ ሊሙ የታጠበ ቡና ሊያነብ የነካ ሰው ጎማ ላይ ይወርዳል። ከስክሪኑ አናት ተጣብቆ የሚቀር የሜኑ ሰሌዳ ያለው ገጽ ደግሞ ርዕሱን ከሥሩ ስለሚሸፍነው፣ የገጹን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ ኮድ በኩል «ስክሮል ማርጂን ቶፕ» በተባለው ትእዛዝ የሰሌዳውን ቁመት ያህል ክፍተት መተው ያስፈልጋል።

ዊኪፔዲያ ማውጫውንም መለያውንም ከርዕሶቹ ራሱ ያወጣል፤ ለጸሐፊው ሥራ ቢቀንስለትም፣ አንድ አርታዒ በርዕስ ውስጥ «ሔ»ን በ«ሄ» ያረመ ዕለት፣ ቀድሞ የተላከው ሊንክ ገጹን ቢከፍትም ከአናቱ ላይ ይቆማል። መለያው ከርዕሱ ተለይቶ በተሰጠበት ገጽ ግን ርዕሱ የፈለገውን ያህል ቢታረም የቆየው ሊንክ መሥራቱን አይተውም።