ናኖቴክኖሎጂ በዕለት ተዕለት ኑሮ፤ ጥቅሙና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ሽታ ይከላከላል ተብሎ የሚሸጥ ካልሲ፣ ቀለማቸው እጅግ የጎላ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች፣ እንዲሁም ለኮቪድ-19 የተሰጡት የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች በመልክም በአገልግሎትም አይመሳሰሉም። ሆኖም በብዙዎቹ ውስጥ በዓይን ሊታዩ ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይለዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይገኛሉ። እነዚህን ቅንጣቶች አስቦ የመሥራትና በጥቅም ላይ የማዋል ሙያ ናኖቴክኖሎጂ ይባላል።

አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ሲሆን፣ ናኖቴክኖሎጂ በአብዛኛው የሚያተኩረው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ባለው መጠን ላይ ነው።

ትንሽነት ጠባይን ይለውጣል

ጉዳዩ የማነስ ብቻ አይደለም። የስኳር እንክብል ተፈጭቶ ሲደቅ ከውሃ ጋር የሚገናኝበት ገጽ ስለሚበዛ ቶሎ ይሟሟል። በናኖ መጠን የደቀቀ ቁስም እንዲሁ ከአካባቢው ጋር የሚገናኝበት ገጽ እጅግ ይሰፋል፤ ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽም ይለወጣል። ቢጫ ሆኖ የሚታወቀው ወርቅ በዚህ መጠን ቀይ መስሎ ይታያል። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የሮማውያን የመስታወት ጽዋ ለዚህ ምስክር ነው። ብርሃን ከፊት ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ከኋላ ሲያልፍበት ደግሞ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ምክንያቱም በመስታወቱ ውስጥ የወርቅና የብር ናኖ ቅንጣቶች አሉበት።

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ቁስን በአቶም ደረጃ መሥራት እንደሚቻል በ1959 ዓ.ም (እ.ኤ.አ) ባደረጉት ንግግር አመለከቱ። «ናኖቴክኖሎጂ» የሚለውን ስያሜ በ1974 የተጠቀሙት ደግሞ ጃፓናዊው ኖሪዮ ታኒጉቺ ናቸው።

በክሬምና በርጭት መካከል ያለው ልዩነት

ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚከላከሉ ማዕድናት ናቸው። በተለመደው መጠናቸው ፊት ላይ ነጭ ሽፋን ይተዋሉ፤ በናኖ መጠን ሲደቁ ግን ነጩ መልክ ይጠፋል፣ መከላከላቸውም ይቀጥላል። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ጤናማ ቆዳ ላይ የተቀቡ እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች በአብዛኛው በቆዳው የላይኛው የሞተ ንብርብር ላይ ይቀራሉ።

ይኸው ቁስ በአየር ውስጥ ተበትኖ ወደ ሳንባ ሲገባ ግን ነገሩ ይለያል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ወደ ውስጥ የሚተነፈስ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድን «ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። የአውሮፓ ኅብረትም በናኖ መጠን ያለው ይህ ቁስ በመዋቢያዎች ውስጥ እንዲገባ ሲፈቅድ፣ ተጠቃሚው ሊተነፍሰው በሚችል የርጭት መልክ እንዳይቀርብ ከልክሏል። ስለዚህ አደጋውን የሚወስነው የቁሱ ስም ብቻ ሳይሆን ወደ ሰውነት የሚገባበት መንገድም ነው።

በ2006 በጀርመን የተከሰተው ነገርም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በስሙ ላይ «ናኖ» የሚል ቃል የነበረው የመታጠቢያ ቤት መርጫ በገበያ ላይ በዋለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች የመተንፈስ ችግር ደረሰባቸው፤ ምርቱም ከገበያ ተሰበሰበ። በኋላ ሲመረመር በውስጡ ናኖ ቅንጣት እንዳልነበረ ታወቀ። ናኖ የሚለው ቃል በራሱ የአደጋም ሆነ የጥራት ማረጋገጫ እንዳልሆነ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ የሚረጭ ኬሚካል ግን ምንጊዜም ጥንቃቄ እንደሚሻ ክስተቱ አሳይቷል።

ከታጠበ በኋላ የት ይሄዳል?

ብር ተሕዋስያንን ስለሚገድል በአንዳንድ ካልሲዎችና የስፖርት ልብሶች ውስጥ ይጨመራል። በአሜሪካ አሪዞና ተካሂዶ በ2008 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ አንዳንዶቹ ካልሲዎች በጥቂት እጥበት ብቻ በውስጣቸው ያለውን ብር ከሞላ ጎደል ሲያጡ፣ ሌሎቹ እምብዛም አልለቀቁም። ልዩነቱ ብሩ ከጨርቁ ጋር በተያያዘበት መንገድ ላይ ነበር። የፍሳሽ ማጣሪያዎች ሥራቸውን የሚያከናውኑት በጠቃሚ ባክቴሪያዎች አማካይነት በመሆኑ፣ ባክቴሪያ ገዳይ የሆነው ብር በብዛት ወደ ፍሳሽ መግባቱ ያሳስባል። የተጣራ ፍሳሽ ዛፎችንና አትክልቶችን ለማጠጣት በሚውልበት የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ጉዳዩ ይበልጥ ትኩረት ይሻል።

በአንጻሩ ቅንጣቱ በሚገባ ሲታሰር ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። የባሕር ውሃን ጨው የሚለዩ ስስ ማጣሪያዎች ውሃውን በከፍተኛ ግፊት ስለሚያሳልፉ ብዙ ኃይል ይፈጃሉ። በ2007 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማጣሪያው ሽፋን ውስጥ ናኖ ቅንጣቶችን በመጨመር ውሃ በቀላሉ እንዲያልፍ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ሐሳቡም ወደ ገበያ ምርትነት ተሸጋግሯል። የመጠጥ ውሃቸውን በአብዛኛው ከባሕር ለሚያገኙ አገሮች የኃይል ቁጠባ ትልቅ ትርጉም አለው።

በቤትና በሥራ ቦታ

በቤት ውስጥም ሆነ በጽዳት ሥራ ላይ ለተሠማሩ ሰዎች ዋናው ጥንቃቄ ቀላል ነው። ውሃ ወይም ቆሻሻ የማያስይዙ ፈሳሾችን በመርጨት ፈንታ በጨርቅ መቀባት፣ መርጨት የግድ ከሆነም አስቀድሞ መስኮት መክፈትና የማስተንፈሻ መሣሪያውን ማሠራት ይመከራል። ተራ የጨርቅ ጭምብል የኬሚካል ትነትን አያስቀርም። በግንባታና በቀለም ቅብ ሥራ ደግሞ እንዲህ ያለ ሽፋን ያለውን ገጽ መቁረጥ ወይም መፋቅ የታሰረውን ቅንጣት ወደ አየር ሊለቅቀው ስለሚችል፣ ለአቧራ የተሠራ ትክክለኛ ጭምብል ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ማቅረብም የአሠሪው ኃላፊነት ነው።

ምርት ሲገዙ መለያ ጽሑፉን ማንበብ ይጠቅማል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2013 ጀምሮ በመዋቢያዎች ላይ በናኖ መጠን ያለ ግብዓት ከስሙ ቀጥሎ «ናኖ» በሚል ቃል እንዲገለጽ ያስገድዳል። ይህን ቃል ያየ ሸማች በምርቱ ሊደናገጥ አይገባም፤ ነገር ግን የሚቀባ ነው ወይስ የሚረጭ፣ ሲታጠብስ ይለቃል ወይስ አይለቅም ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።