«ምልክት»፣ «ጠቋሚ» ወይስ «አመላካች»?
በጉበት ካንሰር ስለሚለኩ ፕሮቲኖችና ስለ ሕመሙ አካሄድ ግምት የአማርኛ ስያሜ

ስለ ጉበት ካንሰር የተጻፈን የሕክምና ጽሑፍ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው ከባዱ ነገር የአካል ክፍሎች ወይም የመድኃኒቶች ስም አይደለም፤ «ማርከር» እና «ፕሮግኖሲስ» የተባሉት ሁለት ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው በደም ውስጥ ተለክቶ ስለ በሽታው የሚያሳውቅ ንጥረ ነገርን፣ ሁለተኛው ሕመሙ ወደፊት እንዴት እንደሚሄድ ሐኪሙ የሚሰጠውን ግምት ይመለከታል። ነገሩ በመዝገበ ቃላት ገጽ ተወስኖ ቢቀር ብዙ ባላሳሰበን ነበር፤ ዳሩ ግን ቃላቱ ታማሚው በሚፈርመው የስምምነት ቅጽና ለቤተሰቡ በሚሰጠው ማብራሪያም ውስጥ ይገባሉ።

በቅድሚያ የበሽታውን ስም ራሱን እንመልከት። «ነቀርሳ» የቆየና ጥሩ ቃል ነው፤ ሆኖም «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል የምንለው ቲቢን ስለ ሆነ፣ «የጉበት ነቀርሳ» የሚለው ሐረግ ሁለት ትርጉም ይሰጣል፤ ቲቢ ጉበትንም ሊያጠቃ ይችላልና። ስለዚህ «ካንሰር» በተባለው እንጸናለን። «የወፍ በሽታ» ደግሞ በላስታም ሆነ በሌላው አማርኛ ተናጋሪ አገር የታወቀ ነው። የሌሊት ወፍ ያመጣዋል ከሚል እምነት የመነጨው ይህ ስም የዐይንን ቢጫ መሆን ይገልጻል እንጂ አንድን በሽታ ለይቶ አይጠራም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ አቻ ብናደርገው ዐይኑ ያልቀላበት ሳይሆን ቢጫ ያልሆነበት የቫይረሱ ተሸካሚ ራሱን ጤነኛ አድርጎ ይቈጥራል፤ ለጉበት ካንሰር ከሚያጋልጡት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ግን ይኸው ቫይረስ ነው።

«ፕሮቲን»ንም እንዳለ እንውሰደው። በጤና ትምህርት የተለመደው «ገንቢ» የምግብን ጠባይ ይገልጻል። «በደምህ ውስጥ ያለው ገንቢ ንጥረ ነገር ጨምሯል» የተባለ ሰው ደስ ቢለው አይፈረድበትም።

አሁን ወደ «ማርከር» እንምጣ። ለምሳሌ የሚሆነን አልፋ ፊቶፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በፅንስ ጉበትና በአስኳል ከረጢት ይሠራል፤ ከልደት በኋላ መጠኑ እጅግ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ጋሪ አቤሌቭና ባልደረቦቹ የጉበት ዕጢ በነበራቸው አይጦች ደም ውስጥ አገኙት፤ በተከታዩ ዓመት ዩሪ ታታሪኖቭ በጉበት ካንሰር በታመመ ሰው ደም ውስጥ መኖሩን አሳየ። ነገር ግን በእርግዝናና ጉበት በተቈጣ ጊዜም ከፍ ይላል፤ ካንሰሩ እያለም ከፍ የማይልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ይህን ጠባዩን የሚሸከመው ቃል የትኛው ነው? «ምልክት» ታማሚው የሚሰማውን፣ ሐኪሙም በዐይኑ የሚያየውን የያዘ ቃል ስለ ሆነ በመሣሪያ ብቻ ለሚለካ ነገር አይስማማም። «ጠቋሚ» አጭርና ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ሰው አሳልፎ የሚሰጠውን ሰው ጭምር ያስታውሳል፤ ደግሞም የጠቈመው እንደ ተረጋገጠ ያስቈጥራል። እኛ «አመላካች»ን እንመርጣለን፤ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ አይፈርድምና።

«አመላካች» ብቻውን ግን አይበቃም። በሽታውን ለይቶ ለማወቅ የሚረዳው፣ ስለ ወደፊት አካሄዱ የሚናገረው፣ ለአንድ መድኃኒት ማን ምላሽ እንደሚሰጥ የሚያሳየው ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብዙዎች ባንድ ላይ «ተንባይ» ይሏቸዋል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ነገር እናንሣ፤ ራሙሲሩማብ የተባለው መድኃኒት አልፋ ፊቶፕሮቲናቸው ሳይለይ ለታማሚዎች በተሞከረ ጊዜ በጠቅላላው ዕድሜ እንደሚያራዝም አልተረጋገጠም፤ በሚሊ ሊትር 400 ናኖግራምና ከዚያ በላይ ላላቸው ግን ጠቅሞ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ለእነርሱ ተፈቀደ። ከፍተኛ መጠኑ በአንድ በኩል የሕመሙን መክፋት ያመለክታል፤ በሌላ በኩል መድኃኒቱ ለማን እንደሚሆን ያሳያል። ስለዚህ «የመለያ አመላካች»፣ «የአካሄድ አመላካች»፣ «የምላሽ አመላካች» ብለን እንድንለያቸው እናሳስባለን።

በጣም የሚያስጨንቀው «ፕሮግኖሲስ» ነው። የግሪኩ ፍች «ቀድሞ ማወቅ» ነው። ወደ ግእዝ ዞረን «ቅድመ አእምሮ» ብንል፣ በግእዝ «ዕውቀት» የነበረው አእምሮ በአማርኛ ሌላ ሆኗልና አንባቢው ይሳሳታል። ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን ስሙ ነአኩቶ ለአብ ነው፤ «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። አገሬው ስሙን ዘወትር ይጠራል፤ ፍቹን የሚተነትነው ግእዝ የተማረው ነው። የቦታ ስም ፍቹ ባይታወቅም አገልግሎቱ አይጓደልም፤ ታማሚ ሊወስንበት የሚገባ ቃል ግን እንዲህ ሊሆን አይችልም።

«ትንቢት» የማይቀር ነገር ነው፤ «ዕጣ ፈንታ»ም እንዲሁ። ሁለቱም ለታማሚው የሞት ፍርድ ሆነው ይሰማሉ። «ትንበያ» ይሻላል፤ ሆኖም ለአየር ጠባይ ከመዋሉ በላይ ከትንቢት ሥር አልተላቀቀም። የላስታ ገበሬ ቡቃያውን አይቶ ስለ አዝመራው የሚናገረው ግምት ነው፤ በረዶ ሊመታው፣ ዝናብ ሊያቀናው እንደሚችል ራሱ ያውቃል። ሐኪሙም የሚሰጠው ከብዙ ታማሚዎች ተሞክሮ የተገኘ ግምት በመሆኑ «የአካሄድ ግምት» ብንለው ልኩን የጠበቀ ይመስለናል።

ለተርጓሚዎች አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር፤ የሚያመላክተው ፕሮቲን ሁሉ ሲጨምር ክፉ አይደለም። አልቡሚንን የሚሠራው ጉበት ስለ ሆነ የጉበቱን መድከም የሚያሳየው መቀነሱ ነው፤ ቻይልድና ተርኮት እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት፣ ፑ በ1973 ባሻሻለው መመዘኛም የሚቈጠረው እንዲሁ ነው። ስለዚህ «አመላካቹ አዎንታዊ ነው» ከማለት ይልቅ የትኛው ፕሮቲን፣ ምን ያህል፣ ወደየት እንደ ሄደ ይጻፍ፤ ይኸውም «የአልፋ ፊቶፕሮቲን መጠን ከፍ ብሏል፣ አልቡሚን ቀንሷል፤ በዚህ መሠረት የሕመሙ የአካሄድ ግምት ከባድ ነው» እንደ ማለት ነው።