ጥቁሩ ቢላ አልቆሸሸም

እንዲህ ያለው ነገር እናንተም ቤት ደርሶ ይሆናል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰንበት ሊገባ ሲል ቤቱ ይራወጣል። የልጅ ልጅ አያቷን ላግዝ ብላ ወጥ ቤት ትገባለች። መሳቢያውን ስትከፍት መልኩ የጠቆረ፣ እጀታው የእንጨት የሆነ አሮጌ ቢላ ታገኛለች። «ውይ፣ እንዴት ቆሽሿል!» ትልና ከሳህኑ ጋር ዕቃ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ ትከተዋለች። ማሽኑ ሲከፈት ቢላው ቀይ ዝገት ለብሶ፣ እጀታው ተሰንጥቆ ይወጣል። አያት ዝም ይላሉ። ልጅቷም ምን እንዳጠፋች አይገባትም።

ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። ማንም አልነገራትማ! እሷ የምታውቀው ከሱፐር የሚገዛውን የማይዝግ ቢላ ነው። በማይዝገው ብረት ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮም ይገባበታል። ክሮሙ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ሠርቶ ብረቱን ይጠብቀዋል። ከአገር ቤት ቀጥቃጭ እጅ የወጣ ቢላ ወይም ካራ ግን ብዙ ጊዜ የመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ካርቦን ስላለበት ስለቱ ጥሩ ይይዛል፤ ክሮሙ ግን ኢምንት ነው። ስለዚህ አየርና ውሃ ሲያገኘው መልኩ መለወጡ አይቀርም። ቁም ነገሩ ወደ የትኛው መልክ እንደሚለወጥ ማወቅ ነው።

ጥቁሩ ሌላ፣ ቀዩ ሌላ

ቀዩ ዝገት ለብረት በሽታ ነው። ልል ነው፤ ይፈረፈራል፤ እርጥበት እየመጠጠ ይይዛል። ስለዚህ ከሥሩ ያለውን ብረት አይጠብቅም፤ እየበላ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ከቆየ ብረቱን ያቦረቡረዋል።

ጥቁሩ ወይም ግራጫው ሽፋን ግን ሌላ ነገር ነው። በውጭ አገር ቋንቋ ፓቲና ይሉታል። ስጋ፣ ሽንኩርትና ሎሚ ሲቆረጥበት፣ ሲታጠብና ሲደርቅ በብረቱ ላይ ቀስ እያለ የሚቀመጥ ስስና ጥብቅ ሽፋን ነው። አንዳንዴ ሰማያዊ ይመስላል። የምንሽር አፈሙዝ ለምን እንደሚጠቁር ታስታውሳላችሁ? የጠመንጃ ፋብሪካዎች ብረቱን ሆን ብለው የሚያጠቁሩት ቀዩ ዝገት ቶሎ እንዳይደፍረው ነው።

እናቶች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። አዲስ ምጣድ ከገበያ ተገዝቶ እንደመጣ አይጋገርበትም፤ መጀመሪያ ይሟሻል። በእሳትና በቅባት ጠቁሮ ሲያበራ ያን ጊዜ ምጣድ ሆነ ይባላል። የጠቆረ ምጣድ ቆሸሸ ብሎ በሽቦ የሚፈገፍግ ሰው የለም። ቢላም እንዲሁ ነው፤ ጥቁሩ ቢላ የሟሸ ቢላ ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ሽፋኑ ዝገትን ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። እርጥብ ከተተወ የሟሸውም ይዝጋል።

መለየት ካቃታችሁ በነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ዘይት አድርጋችሁ ጥረጉት። ጨርቁ ቀይ ቡናማ ዱቄት ካነሳ ዝገት ነው። ገላው ለስላሳ ሆኖ ቀይ ነገር ካልለቀቀ ፓቲና ነው፤ አትንኩት።

አገሩ ተለውጧል

«ጎንደር እያለን እንዲህ አይዝግም ነበር» የሚል ሽማግሌ አልተሳሳተም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው፤ ክረምቱ ካለፈ ረጅም ደረቅ ወራት አሉት። ፔታህ ቲክቫ ግን ከሜዲትራኒያን ባሕር ብዙ አትርቅም፤ በጋውም ላብ የሚያስመጣ እርጥበት አለው። ብረት የሚዝገው ዝናብ ሲመታው ብቻ አይደለም፤ በአየር ያለው እርጥበትም ይበቃዋል። ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ እዚህ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፦

ቢላውን እንደተጠቀማችሁ በእጅ እጠቡ፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። ገንዳ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ ማሽን ውስጥም አታስገቡት።

ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ጨው የነካው ቢላ ሳይታጠብ አይደር።

በየቀኑ የምትጠቀሙበትን የምግብ ዘይት በጨርቅ ቀባ ማድረግ ይበቃል። ለወራት የሚቀመጠውን ግን የምግብ ዘይት ከጊዜ በኋላ ስለሚያጣብቀው ከፋርማሲ የሚገዛ ፈሳሽ ፓራፊን ይሻለዋል።

በቆዳ አፎት ውስጥ አታቆዩት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ሲለፋ የገባበት ነገርም ብረት ይበላል። ደረቅ ጨርቅ ይሻላል።

ከዛገስ? አትጣሉት። ዘይት አድርጋችሁ በስስ የብረት መፈግፈጊያ ቀዩን ብቻ ቀስ ብላችሁ አንሱ። የተነፋ አመድም ይሠራል፤ አገር ቤት በምን ነበር የምናጸዳው? ከዚያ በሳሙና አጥቡት፣ አድርቁት፣ ለብ ባለ ኮምጣጤ በነከረ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ጥረጉት። ግራጫ ሲሆን አጥባችሁ አድርቁና ዘይት ቀቡት። ኮምጣጤ ውስጥ አታሳድሩት፤ ዝገቱን ጨርሶ ብረቱን መብላት ይጀምራል።

ስለ ማረጃ ቢላ ደግሞ ቄሶቻችን ከማንም ይልቅ ያውቃሉ፦ ስለቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ፍንካች መኖር የለበትም። በስለቱ ላይ የተተወ ዝገት የሚያመጣው ያንኑ ነው። ገላው ቢጠቁር አይጎዳም፤ ስለቱ ግን በሞረድ ተስሎ ንጹሕ ይሁን። ለፋሲካ በፈላ ውሃ የተነከረ ቢላም ከውሃው እንደወጣ ይድረቅ።

የእጅ ሥራ ክብር

ይህን ሁሉ ስለ አንድ ቢላ መጻፍ ለምን አስፈለገ? ቢላው ቢላ ብቻ ስላልሆነ ነው። ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤል በእጃቸው ሙያ ኖረዋል፤ ወንዶቹ በቅጥቀጣና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ። ጎረቤት የሚያርስበት ማረሻና የሚያጭድበት ማጭድ ከነሱ ወናፍና መዶሻ ይወጣ ነበር። ማረሻውን እየወሰደ ሠሪውን «ቡዳ» ብሎ የሚሰድብም ነበር። ያ ስድብ ብዙ አባቶችን ስለ ሙያቸው ዝም አሰኝቷቸዋል።

መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ላይ ግን በእስራኤል ቀጥቃጭ ባለመኖሩ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደነበር ተጽፏል። ቀጥቃጭ የሌለው ሕዝብ ጠላቱን ደጅ ይጠናል ማለት ነው። ታዲያ ይህ ሙያ የሚያሳፍር ነው?

በሱዳን በኩል በእግር የመጣ ሰው ወናፍ ተሸክሞ አልመጣም። በ1991 በሰለሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ያህል ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣም ብዙው ከለበሰው ልብስ ሌላ የያዘው ጥቂት ነበር። ስለዚህ አንድ ቢላ፣ አንድ ማጭድ የተረፈው ቤት ትልቅ ነገር ተርፎታል።

የሚመጣው ዓርብ የልጅ ልጃችሁ ወጥ ቤት ስትገባ ቢላውን እጇ ላይ አስቀምጡላት። ጥቁሩን አሳዩዋት፤ ማን እንደቀጠቀጠው፣ በየት መንደር እንደሆነ ንገሯት። ከዚያ ጨርቁንና ዘይቱን ስጧትና ራሷ ትቀባው። ከእንግዲህ ማሽን ውስጥ አትከተውም።