የተዘለለው የበረራ ክፍል

ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ለአገራችን አቪዬሽን የድርብ በዓል ወር ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከተመሠረተ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. 80 ዓመት ሞላው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ የበረረችው «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን ደግሞ 90 ዓመቷን ያዘች። ወር ሳይሞላ፣ ጥር ላይ፣ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የአዲሱ ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ በይፋ ተጀመረ። ስለ ትልልቆቹ ብዙ ተባለ፣ ብዙም ተጻፈ። ይህ ዳሰሳ ስለ ትንሿ ነው፤ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ስለሆነች፣ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም ስለማያልፍ፣ መሬት ላይ የቆመ ሰው በሬዲዮ ስለሚያበርራት ማስተማሪያ አውሮፕላን። በሌላው ዓለም ብዙ ፓይለትና መሐንዲስ የመጀመሪያውን ትምህርት የቀሰመው ከእሷ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከወረቀት አውሮፕላን ተነስተን በቀጥታ ወደ ቦይንግ ወይም ወደ ድሮን ነው የምንሄደው፤ መካከለኛው ክፍል ተዘሏል። በአዊ ዞን አዘና፣ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ሆኖ አውሮፕላን መሥራት የሚያምረው ልጅ ይህ ክፍል ያስፈልገዋል።

የኋላ ታሪኩን ባጭሩ ላንሳ። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ እ.ኤ.አ. በ1871 በተጠመዘዘ ላስቲክ የምትሠራ ትንሽ ሞዴል ፓሪስ ውስጥ 11 ሰከንድ ያህል አበረረ። በእሱ ንድፍ የተሠራ በራሪ መጫወቻ አባታቸው ገዝቶ ያመጣላቸው ሁለት ልጆች፣ አድገው ራይት ወንድማማቾች ተባሉ። እነሱም ቢሆኑ በ1903 ሞተር ከመጫናቸው በፊት ዓመታት የፈጀባቸው በገመድ የሚያዝ ካይትና ሞተር አልባ ተንሸራታች ላይ ነበር። ሬዲዮ የገባው ዘግይቶ ነው። ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን መንትዮች እ.ኤ.አ. በ1937 «ጋፍ» ያሏትን ሞዴል በሬዲዮ እያዘዙ አበረሩ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሁለት ሰዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ከከፈቱ አንዱ መከስከሱ አይቀርም ነበር፤ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚጠቀሙት የዛሬዎቹ ሬዲዮዎች ይህን ጭንቀት አስወግደውታል። ሄሊኮፕተሩን፣ የጄት ሞዴሉንና የእሽቅድምድም ድሮኑን ትቻቸዋለሁ፤ ለጀማሪ አይሆኑም።

ማስተማሪያዋን ከሌሎቹ የሚለያት ቅርጿ ነው። ክንፏ ከአካሏ በላይ ይቀመጣል፤ የክንፉ ጫፎች በትንሹ ቀና ስላሉ ስታዘነብል ወደ ቀጥታ የመመለስ ጠባይ አላት። የክንፉ ሆድ ለጥ ያለ ወይም ወደዚያ የቀረበ ስለሆነ በዝግታ መንሳፈፍ ትችላለች። በሬዲዮ የሚታዘዙት አራት ነገሮች ናቸው፦ ሞተሩ፣ ክንፉ ላይ ያሉትና ወደ ጎን የሚያዘነብሏት አይለሮኖች፣ አፍንጫን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ኤሌቬተር፣ ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው ራደር። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ከፎም ተቀርጸው፣ ሞተርና ሰርቮ (አይለሮኑን፣ ኤሌቬተሩንና ራደሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ተገጥሞላቸው ይመጣሉ፤ ባለቤቱ ክንፉን በብሎን ያስራል፣ ጅራቱን ያጣብቃል፣ ባትሪ ያስገባል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

በዚያ አንድ ከሰዓት ውስጥ የሚሠሩት ጥቃቅን ነገሮች ግን የበረራውን ዕጣ ይወስናሉ። ክንፉ መጣመም አለመጣመሙ የሚታወቀው ከሁለቱ የክንፍ ጫፎች እስከ ጅራቱ መሐል በክር ሲለካ ነው፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። የሰርቮው ክንድ ከመታሰሩ በፊት ሬዲዮው በርቶ ሰርቮው መሐል ላይ መቆም አለበት። ይህ ሁሉ ሲደረግ ፕሮፔለሩ ይፈታል፤ ባትሪ እንደተሰካ በድንገት የተነሳ ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል። ከዚያ አቅጣጫ ይፈተሻል፦ የሬዲዮው መቆጣጠሪያ እንጨት ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ አይለሮን ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። ተገልብጦ የታሰረ አይለሮን የወሰዳት አውሮፕላን ብዙ ናት። ሬዲዮው ቢቋረጥ ሞተሩ ራሱ እንዲጠፋ ተደርጎ መሰናዳቱም እዚያው መሬት ላይ ይረጋገጣል። የመጨረሻው የክብደት ማዕከል ነው። አውሮፕላኗ በሁለት ጣት ከክንፏ ሥር ስትነሳ፣ ጣቶቹ ከክንፉ የፊት ጠርዝ የስፋቱ ሩብ እስከ ሢሶ ላይ ሆነው ቀጥ ብላ መቆም አለባት። አፍንጫዋ ትንሽ ቢከብድ ደንዘዝ ትላለች እንጂ ትበራለች፤ ጅራቷ ከከበደ ግን የሚያድናት እጅ የለም።

ዝግጁውን የማያገኝ ሰው ራሱ መሥራት ይችላል፤ እንዲያውም የተሻለው ትምህርት እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሞዴል ሠሪዎች ለረጅም ዘመን የሠሩበት ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት በብዛት የሚመጣው ከኤኳዶር ነው፤ አዊ ውስጥ አይገኝም። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎ የሚመጣበት ፎም ግን ይገኛል። የአናጢ ኮላ፣ ፕላስተር፣ ከተርና ስታኞ ገበያ ላይ አሉ። ከሁሉም በላይ ቀርከሃ አለ። በእንጅባራ ዙሪያ የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ለአጥርና ለወንበር እንደሚሆን ሁሉ፣ ቀጭን ሆኖ ተሰንጥቆ ፎም ውስጥ ሲቀበር ጥሩ የክንፍ አጥንት ይወጣዋል። ለዚህም ምስክር አለው፦ ብራዚላዊው ሳንቶስ ዱሞን ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓሪስ ላይ ያበረራት «ዴሞዋዜል» የምትባል ትንሽ አውሮፕላን አካሏ የቀርከሃ ነበር፤ ያውም ሰው ይዛ ትነሳ ነበር።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ፤ ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህንን ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይልቃል፤ ዳንግላ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ፣ ቀኑ 20 ዲግሪ ሲሞቅ፣ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ክንፍ የሚሸከመው በአየር ነውና ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 17 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሄድ አለበት። ፕሮፔለሩም በዚያው የዙር ፍጥነት ከሩብ በላይ ግፊቱን ያጣል። ቤንዚን ወይም ሜታኖል የሚያቃጥል ሞተር ኦክስጅን ስለሚያጥረው ራሱም ይዳከማል፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር አይታፈንም፤ ትንሽ ረዘም ያለ ፕሮፔለር በማሰር ብዙውን ማካካስ ይቻላል። ስለዚህ በአዊ ደጋ የሚበር ሰው ቀላል አውሮፕላን፣ ሰፊ ክንፍና ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፤ በሚያርፍበት ጊዜም ፈጠን ብላ እንደምትመጣበት ማወቅ አለበት። ትልልቆቹም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። የቦሌ ማረፊያ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ረጅም ርቀት የሚሄድ አውሮፕላን ሙሉ ጭነቱን ይዞ መነሳት ይቸግረዋል። አዲሱ ማረፊያ ለቢሾፍቱ አካባቢ ከተመረጠበት ምክንያት አንዱ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ ነው። በቢሊዮን ዶላር በሚቆጠር ውሳኔ ውስጥ የገባውን ሕግ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በፎም ክንፍ ሊለካው ይችላል።

ሜዳ በአዊ አይቸግርም። ጥር 23 በበዓላቸው ቀን የአገው ፈረሰኞች የሚጋልቡባቸውን የመሳሰሉ ለጥ ያሉ ሣራማ መስኮች አሉ፤ ከባሕር ዛፍና ከዲከረንስ ተክል መራቅ ነው ዋናው። ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳ ማለዳ ቢሆን ይመረጣል። መነሳት ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው፤ ማረፍም እንዲሁ። ጀማሪን የሚያሸንፈው መነሳቱ አይደለም፤ አውሮፕላኗ ዞራ ወደ እሱ ስትመጣ ቀኝና ግራው መገልበጡ ነው። ስትሄድ ቀኝ የነበረው ስትመለስ በግራ በኩል ይታያል፤ እጅ ደግሞ ከአእምሮ ይቀድማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክንፏ ወደ ወደቀበት ጎን እንጨቱን መግፋት፤ ቀና ትላለች። ሁለተኛው ፈተና ማረፊያው ነው። ርቃ እየቀረች ያለች ስትመስል ሁሉም ሰው አፍንጫዋን ወደ ላይ ይስባል፤ በሳሳው አየራችን ደግሞ ይህ ፍጥነቷን ይጨርስና ክንፏ መሸከም ያቆማል። ከፍታን በሞተር፣ ፍጥነትን በአፍንጫ መጠበቅ የሚባለው የእውነተኛ ፓይለቶች ትምህርት እዚህ ጋ በትንሽ ኪሳራ ይገኛል። ከአስተማሪ ጋር ሁለት ሬዲዮ አያይዞ መማር፣ ከዚያም በፊት በኮምፒውተር ሲሙሌተር መለማመድ ብዙ ክንፍ ያተርፋል።

በዘርፉ ውስጥ ዛሬ ያለው ትልቁ ክርክር ስለ ጃይሮ ነው። አዳዲሶቹ ማስተማሪያዎች በዚህ መሣሪያ አማካይነት ጀማሪው እንጨቱን ሲለቅ ራሳቸው የሚስተካከሉ፣ ከልክ በላይ እንዳያዘነብሉም የሚከለክሉ ናቸው። ደጋፊዎቹ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ተስፋ አይቆርጥም ይላሉ። ለእኛ ደግሞ ሌላ ክብደት ያለው መከራከሪያ አለ፦ የተሰበረ ሰርቮ ወይም የተቃጠለ የሞተር መቆጣጠሪያ ቅርብ ሱቅ አይገኝምና አንድ መከስከስ የወራት እረፍት ነው። ይህን ሁሉ ብቀበልም ልቤ ወደ ተቃዋሚዎቹ ያደላል። ጃይሮው ክንፍ ሲደክም የሚታየውን መንቀጥቀጥ ይሸፍናል፤ ተማሪው አየሩን ሳያነብ በራሪ ነኝ ይላል። ለመጀመሪያዎቹ ማረፊያዎች ጃይሮው ይብራ፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ይጥፋና ተማሪው እውነተኛውን አውሮፕላን ይተዋወቅ።

በራስ እጅ ሠርቶ ከማብረር የሚገኘው ዕውቀት የት ድረስ እንደሚያደርስ ለማየት ሜይናርድ ሂልን ማወቅ ይበቃል፤ በዚህ ዘርፍ ከሁሉም አብልጬ የማከብረው እሱን ነው። ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። ዕድሜው 77 ደርሶ፣ ዓይኑ ክፉኛ ደክሞ፣ ጆሮውም እንደ ልብ አልሰማ እያለው፣ ነዳጇን ጨምሮ 5 ኪሎ ያልሞላች፣ ከባልሳና ከስስ ፕላስቲክ የተሠራች ሞዴል አትላንቲክን አሻገረ። ቀደም ብለው የላካቸው ባሕር ውስጥ ቀርተዋል። «ታም 5» የተባለችው ግን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2003 ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ በእጅ ተወርውራ ተነሳች፤ መካከሉን በጂፒኤስና በትንሽ ኮምፒውተር እየተመራች፣ 38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በረረች። 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ስታበቃ አየርላንድ ዳርቻ የሚጠብቋት ጓደኞቹ በሬዲዮ ተቀብለው አሳረፏት። የዚህ ሥራ ጉልበቱ ገንዘብ አልነበረም። አሥርት ዓመታት ትንንሽ ክንፍ ሲሠራ፣ ሲያበርርና ግራም በግራም ሲመዝን የኖረ ሰው ሥራ ነው።

እኛ ዘንድ የጎደለው ይህ እየሠሩ፣ እያበረሩና እየመዘኑ መመላለስ ነው። ፍላጎቱና ድፍረቱማ ሞልቷል። «ፀሐይ» ራሷ የድፍረት ልጅ ነች፤ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር፣ የጣሊያን ወረራ በተጀመረበት ዓመት፣ 115 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ሠርቶ አበረራት። ጣሊያን ወስዷት እዚያ ከኖረች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳልናለች። ከእሷ 80 ዓመት ገደማ በኋላ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ወጣት የፓይለት ትምህርት ቤት በቁመት አንድ ሳንቲ ሜትር አነሰህ ብሎ ሲመልሰው፣ ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ከአሮጌ ዕቃ ሠራ። ስሟን ኬ-570ኤ አላት፤ «ኬ» ከእናቱ ከኪሮስ ስም፣ ቁጥሩ ከፈጀበት 570 ቀን። በ2007 ዓ.ም. ለመነሳት ሲሞክር ፕሮፔለሩ እንቢ አለው። ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ በየጊዜው በቴሌቪዥን የምናያቸው አውሮፕላን የሠሩ ወጣቶችም እንዲሁ ያኮሩኛል። የሚያሳስበኝ ሁሉም ከመጀመሪያው ቀን ሕይወታቸውን ይዘው መነሳታቸው ነው። የፕሮፔለርን ችግር አንድ ኪሎ ሞዴል ላይ ማወቅ ይቻላል፤ የተሰበረው ተጣብቆ ማግስቱን ይሞከራል።

ይህን ስል ዛሬ አዊ ላይ ያለውን እውነት ረስቼው አይደለም። ሰው አልባ በራሪ ወደ አገር ለማስገባትም ለማብረርም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የመጣውን ጉምሩክ ይይዘዋል፤ ሞዴል አውሮፕላንንም ከድሮን ለይቶ የሚያይለት ተቆጣጣሪ አይጠበቅም። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ጦርነት የድሮን ጥቃቶች ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ሳይቀር ገልጿል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰማይ ላይ የሚያጓራ ትንሽ ሞተር እናትን ከልጆቿ ጋር ከቤት ሊያስሮጥ ይችላል፤ አብራሪውም በማንም ሊጠረጠር ይችላል። ማንም ብቻውን ተነስቶ መስክ ላይ ሬዲዮ ይክፈት አልልም። ፈቃዱን መጠየቅ ያለበት ተቋም ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በግቢው ውስጥ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አውቆት፣ ሰዓቱ ተነግሮ የሚበርበት ክበብ ቢያቋቁም ከአዘና የሚመጣው ተማሪም ይማርበታል።

እስከዚያ ፈቃድም ባትሪም የማይፈልግ ሥራ አለ። ከማሸጊያ ፎም 80 ሳንቲ ሜትር ክንፍ ይቆረጣል፤ ጫፎቹ በትንሹ ቀና ተደርገው ይጣበቃሉ፤ የቀርከሃ ስንጣቂ አካል ይሆናል፤ ጅራቱ ከካርቶን ይወጣል። አፍንጫው ላይ ሳንቲሞች በፕላስተር እየታሰሩ የክብደት ማዕከሉ ወደ ክንፉ ሩብ ይመጣል። ከትከሻ ቁመት ቀጥ ተደርጎ ሲወረወር አፍንጫው ቀና ብሎ ከቆመና ከወደቀ ሳንቲም ይጨመራል፤ ቶሎ ከተደፋ ይቀነሳል። ሳይንገዳገድ ቀጥ ብሎ መንሳፈፍ የቻለ ንድፍ ተለክቶ ይያዝ፤ ሞተርና ሰርቮ የሚሸከመው ክንፍ በዚያው ልክ ተባዝቶ ይሠራል።